ልጄ ለቺርሊዲንግ ትራይአውት ስድስት ሳምንት ቀርቷታል፤ ይበቃታል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የ14 ዓመት ልጄ ክረምቱ ሲያልቅ ዘጠነኛ ክፍል ትገባለች። በኦገስት ሁለተኛ ሳምንት የትምህርት ቤቱ ቺርሊዲንግ ቡድን (ጨዋታ ላይ በጩኸት፣ በዝላይና በዳንስ ሕዝቡን የሚያነቃቃው) ትራይአውት ማለትም የመምረጫ ፈተና አለው፤ ስድስት ሳምንት ቀርቷታል። ጂምናስቲክ ተምራ አታውቅም። ዩቲዩብ እያየች ሳሎን ውስጥ ትዘላለች፤ ባለፈው ሳምንት ወደ ኋላ ልገልበጥ ብላ በእጇ ወድቃ እስካሁን ያማታል። እናቷ «ይህ ጭፈራ ነው፤ ልጄ አጭር ቀሚስ ለብሳ ሰው ፊት አትጨፍርም፤ ደግሞስ ፍልሰታ አይደለም እንዴ?» ትላለች። እኔ የማውቀው ኳስ ብቻ ነው። ልጅቷ ግን ከልቧ ነው የፈለገችው። ጊዜው ይበቃታል? ምን ትለማመድ? እኔስ በምን ላግዛት?
አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ስድስት ሳምንት ይበቃታል። የማይበቃው ወደ ኋላ ለመገልበጥ ነው፤ እሱን ዛሬውኑ ያስቁሟት። ባክ ሃንድስፕሪንግ የሚሉት ግልብጥ ወፍራም ምንጣፍ ባለበት ጂም፣ ወገብ የሚደግፍ አሰልጣኝ አጠገብ ቆሞ እንኳ ለአብዛኛው ጀማሪ ወራት ይፈጃል። ሳሎን ውስጥ የሚሆነው የታወቀ ነው፦ ልጅቷ መሃል ላይ ትፈራና ክርኗን ታጥፋለች፤ ክብደቷ ሁሉ በእጅ አንጓዋ ወይም በጭንቅላቷ ላይ ይወርዳል። እጇን በተመለከተ፣ አውራ ጣቷን ስትዘረጋ ከሥሩ የሚታየውን ጎድጓዳ ቦታ በጣትዎ ጫን ይበሉት። ካመማት ሐኪም ይያት፣ ራጅም ትነሣ። እዚያ ያለችው ትንሽ አጥንት ስትሰነጠቅ ብዙም ስለማታብጥ ወለምታ ትመስላለች፤ ብዙ ሰው «ይሻላታል» እያለ ሳምንታት ያሳልፋል። ማሸት ደግሞ ይቅርባት።

ለዘጠነኛ ክፍል ጀማሪ ዳኞቹ የሚፈልጉት ሌላ ነው። የነጥብ መስጫው ወረቀት ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ቢለያይም አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው የእጅ እንቅስቃሴ ጥራት፣ ዝላይ፣ ድምፅ፣ እዚያው የተማሩትን ዳንስና ጩኸት አለመርሳት፣ የፊት ሞቅታ፣ እርማት ሲሰጥ ወዲያው መቀበል ነው። መገልበጥ ከእነዚህ ጎን አንድ መስመር ነው። ጄቪ በሚባለው የታናናሾቹ ቡድን ደግሞ ብዙ ጊዜ ጭማሪ ነጥብ እንጂ ግዴታ አይደለም። እግሯ ተራርቆ የምታርፍ ባለ ግልብጥ፣ እጇ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ከሚል ጀማሪ በታች የምትመደብበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ማመን የሚከብዳት ልጅቷ ናት፤ ዩቲዩብ የሚያሳያት ግልብጡን ነዋ።

የባለቤትዎን ጥያቄ በአጭሩ እናንሣው። ነገሩን የጀመሩት ወንዶች ናቸው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1898 ጆኒ ካምቤል የተባለ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ላይ ሕዝቡ ፊት ቆሞ ጩኸቱን መራ፤ ሴቶች በዚያው ዩኒቨርሲቲ የተቀላቀሉት በ1923 ነው። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርና ጆርጅ ዳብልዩ ቡሽ በተማሪነታቸው ቺርሊደር ነበሩ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2012 ቺርሊዲንግ እንደ ማንኛውም ስፖርት እንዲታይ መክሯል፣ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴም በ2021 ለዓለም አቀፉ የቺር ኅብረት ሙሉ ዕውቅና ሰጥቷል። ልብሱን በተመለከተ ከቀሚሱ ሥር አካል ላይ ጥብቅ የሚል ቁምጣ ይለበሳል። በእምነት ምክንያት ረጅም እጅጌ ወይም ሌጊንግ እንዲጨመርላት ከፈለጋችሁ ጥያቄው ለአሰልጣኟ የሚቀርበው ከትራይአውቱ በፊት ነው፤ ዩኒፎርም ከታዘዘ በኋላ ማስተካከሉ ይቸግራል።

አሁን ወደ ሥራው። የመጀመሪያው የእርስዎ ነው፦ የሐኪም ፎርም። ሐኪም መርምሮ «ስፖርት መሥራት ትችላለች» ብሎ የፈረመበት ወረቀት ያልገባላት ልጅ የቱንም ያህል ብትችል ሜዳ ላይ አትቆምም። በጁላይና በኦገስት የልጆች ሐኪም ቀጠሮ ስለሚጣበብ ነገ ይደውሉ። ካልተገኘ አርጀንት ኬር የሚባለው ያለ ቀጠሮ የሚያክም ክሊኒክ ወይም አንዳንድ ፋርማሲ ውስጥ ያለ ክሊኒክ ይህንኑ ምርመራ ይሠራል፤ ፎርሙ ግን የትምህርት ቤቱ ወይም የስቴቱ ፎርም መሆኑን አይተው ይውሰዱ። ከዚያ የኢንተርኔት ምዝገባው አለ፣ ስለ ኮንከሽን ማለትም ስለ ጭንቅላት ግጭት የሚያስረዳ ወላጅ የሚፈርመው ወረቀትም አለ። የውጤት ነገርም ይጠይቁ፤ ብዙ ቦታ ከ4.0 የ2.0 አማካይ ይፈለጋል፣ አዲስ ዘጠነኛ ክፍል ለሚገቡ ግን በመጀመሪያው ወቅት ብዙ ጊዜ ይህ አይታይባቸውም።

ትራይአውቱ ምን እንደሚመስል ብታውቅ ፍርሃቷ ይቀንሳል። ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አሰልጣኟ ወይም ነባር ቺርሊደሮች አንድ ጩኸት፣ አንድ አጭር ዳንስ፣ ዝላዮችንም ያስተምራሉ። ዳንሱ በስምንት ቁጥር ይቆጠራል፤ ከአራት እስከ ስምንት «ስምንት ቁጥሮች» ይሆናል። በመጨረሻው ቀን ልጆቹ ደረታቸው ላይ ቁጥር ለጥፈው ሦስት ሦስት ወይም አራት አራት ሆነው ዳኞች ፊት ይቀርባሉ። እንግዲህ ከሚፈተነው ገሚሱ እዚያው የሚሰጥ ነው። በስድስት ሳምንት የምትሠራው መሠረቱን ነው፦ እጅ፣ እግር፣ ድምፅ፣ በፍጥነት መሸምደድ።

ሞሽን በሚሉት የእጅ እንቅስቃሴ ትጀምር፤ ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚገባው እሱ ነው። ቡጢዋን ይዩት። አውራ ጣቷ ከውጭ በታጠፉት ጣቶች ላይ ተጋድሞ መቀመጥ አለበት። ውስጥ ከተደበቀ ቡጢው የላላ ይመስላል፣ ከሰው ጋር ስትጋጭም ጣቷ ይጎዳል። ቀጥሎ አንጓዋን፦ ከክርኗ እስከ ቡጢዋ ማስመሪያ ቢያጋድሙበት ገጥ ማለት አለበት። ጀማሪ ሁሉ አንጓውን ይሰብራል፣ ከሩቅ ሲታይም እጁ እንደ ጠወለገ ቅጠል ይንጠለጠላል።

ከዚያ ቅርጾቹ። ሃይ ቪ ሁለት እጅ ወደ ላይ ተከፍቶ ነው። እጆቿ ከጆሮዋ ጀርባ ከሄዱ ወገቧ ይለመጣል፤ ትክክለኛው ቦታ ፊቷን ወደ ፊት አድርጋ ቡጢዎቿ በዐይኗ ጠርዝ የሚታዩዋት ነው። ሎው ቪ ያው ወደ ታች ነው። ቲ ላይ እጆች በትከሻ ልክ ግራና ቀኝ ተዘርግተው ትንሽ ወደ ፊት ይመጣሉ። ተችዳውን ደግሞ ሁለቱም እጅ ጆሮ ታኮ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ትንሿ ጣት ወደ ተመልካች። ክርን ታጥፎ ቡጢ ደረት ላይ የሚመጣበት ብሮክን ቲ፣ አንዱ እጅ ወደ ላይ ሌላው ወደ ጎን የሚሄድበት ኤል፣ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ሰያፍ የሚሆንበት ዲያጎናል፣ ኬና ዳገር የሚባሉትም አሉ፤ ሁሉንም በስማቸው ትወቅ፤ አሰልጣኟ «ራይት ኤል» ስትል የምታስብ ልጅ አንድ ቁጥር ትዘገያለች።

ቀላል መፈተሻ አለ። ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ፣ ተረከዟ ከግድግዳው ትንሽ ርቆ ትቁምና ሃይ ቪና ቲ ትሥራ። ቡጢዋ ግድግዳውን ከመታ እጇ ወደ ኋላ ሄዷል ማለት ነው።

ቅርጹ ከተያዘ በኋላ ፍጥነቱ ይመጣል። ቺርሊደሮች «ሂት» ይሉታል፦ እጅ በአጭሩ መንገድ ሄዶ ደርሶ ቀጥ ይላል፣ አይወዛወዝም። በ1 ሃይ ቪ፣ በ2 እንዳለ መቆየት፤ በ3 ቲ፣ በ4 መቆየት፤ በ5 ሎው ቪ፣ በ6 መቆየት፤ በ7 እጅ ወደ ታች ከጎን ተጠግቶ፣ በ8 መቆየት። ይህን 10 ጊዜ በዝግታ፣ 10 ጊዜ በፍጥነት። ቆጣሪው እርስዎ ይሁኑ፤ «5፣ 6፣ 7፣ 8» ብለው ያስጀምሯት፣ ያኔ 1 ላይ ትመታለች። በእንግሊዝኛ ቢቆጥሩላት ይሻላል፤ ጆሮዋ እዚያ የምትሰማውን ይልመድ። የሚደክመው ትከሻ ነው፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ቲው ሳታውቀው ይወርዳል፣ ስለዚህ ሲደክማት አሳርፈው እንጂ በወረደ እጅ አያስቀጥሏት። የተበላሸው ይለመዳልና።

አንድ የኛ የሆነ ነገርም አለ። እስክስታ እያየ ያደገ ልጅ ምት መያዝ ብዙም አይቸግረውም። የሚፈትነው ትከሻው ነው፦ ሠርግ ላይ የተሸለመው ትከሻ እዚህ ዝም ማለት አለበት። እጇ ወደ ላይ ሲሄድ ትከሻዋ ጆሮዋ ድረስ ከወጣ አንገቷ ይጠፋል፣ ቅርጹም ይበላሻል። «ትከሻ ወደ ታች፣ እጅ ወደ ውጭ» እያሉ ያስታውሷት።

ዝላዩ ብዙ ልጆች የሚደክሙበት ነው፤ የሚደክሙትም በተሳሳተ ቦታ ላይ ነው። ቶ ተች («የእግር ጣት መንካት») የሚባለውን ስሙ ያሳስታል፦ የእግር ጣት አይነካም። እጆች እንደ ቲ ተዘርግተው ባሉበት ይቆያሉ፣ እግሮች ናቸው ወደ እጆቹ የሚወጡት። ልጅቷ እግሯን ልትነካ ስታጎነብስ ደረቷ ይወርዳል፣ ደረቷ ሲወርድ ዳሌዋ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ እግሯም እዚያው ታች ይቀራል። ደረት ቀና፣ ዐይን ወደ ፊት፣ የእግር ጣት የተወጠረ፣ ጉልበት ደግሞ ወደ ሰማይ የዞረ። ጉልበቷ ወደ ፊት የሚያይ ከሆነ ዳሌዋ አልተከፈተም ማለት ነው፤ የቱንም ያህል ብትገፋ እግሯ ከዳሌዋ በላይ አይወጣም።

ዝላዩ የራሱ አቆጣጠር አለው። ቡድኖች ቢለያዩም የተለመደው ይህ ነው፦ በ1 ሁለት እጅ ደረት ፊት ይገጥማል፤ በ3 እጅ ወደ ሃይ ቪ ይወጣል፣ ተረከዝም ይነሣል፤ በ5 እጅ ተጠላልፎ ይወርዳል፣ ጉልበት ይታጠፋል፤ በ6 ዝላዩ፤ በ7 ማረፍ፤ በ8 ቀና ማለት። ከፍታው የሚገኘው 5 ላይ ነው፦ እጅ በኃይል ወርዶ ሲመለስና ባት ከመሬት ሲገፋ። 5 ላይ የቸኮለች ልጅ ዝቅ ብላ ትዘላለች። ማረፊያው ላይ ሁለቱ እግሮች ተጠግተው ጉልበት ትንሽ ይታጠፋል፣ እጅ ከጎን። ጉልበቷ ቀጥ ብሎ ካረፈች ድንጋጤው ወደ ጉልበቷና ወደ ወገቧ ይሄዳል፤ እግሯ ተራርቆ ካረፈች ደግሞ ዳኛው ነጥብ ይቀንሳል፣ ቁርጭምጭሚቷም ይጠመዘዛል።

ቶ ተች የማይወጣላት ከሆነ ኸርኪ ላይ ታተኩር። አንድ እግር ወደ ጎን ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ሌላው ጉልበቱ ወደ መሬት እያየ ይታጠፋል። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1948 ብሔራዊውን የቺርሊደሮች ማኅበር ካቋቋመው ከሎረንስ ኸርክመር ነው። ለጀማሪ የሚቀል ዝላይ ስለሆነ በንጽሕና ልትሠራው ትችላለች። በሁለቱም ጎን ትሞክረውና የሚሻላትን ትምረጥ።

ዝላይ የሚሻሻለው በመዝለል ብቻ አይደለም። ወለል ላይ እግሯን ከፍታ ትቀመጥ፣ እጆቿን ከፊቷ መሬት ላይ ታስደግፍ፣ ሁለቱንም እግሮቿን ሳታጥፍ ከመሬት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ታንሣ፤ 10 ጊዜ፣ 3 ዙር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭኗ ላይኛው ክፍል ይኮማተርባታል፤ እግርን ወደ ላይ የሚጎትተው ጡንቻ እሱ ስለሆነ አይደንግጡ። ቁጢጥ ብሎ መነሣት 15 ጊዜ፣ ደረጃ ላይ ቆሞ በእግር ጣት ከፍና ዝቅ ማለት 20 ጊዜ፣ በክርን ተደግፎ እንደ ጣውላ መቆየት 30 ሴኮንድ፤ እነዚህንም 3 ዙር። ስፕሊትና (እግርን እስከ መሬት መክፈት) ሌላውን ማሳሳብ መጨረሻ ላይ፣ ሰውነቷ ከሞቀ በኋላ፤ በእያንዳንዱ ጎን 30 ሴኮንድ ሦስት ጊዜ፣ ሳትነጥር። መቀመጫዋ ሥር ወይም ጉልበቷ ጀርባ ላይ የሚወጋ ሕመም ከተሰማት ገደቡን አልፋለች።

በሳምንት አራት ቀን፣ በየቀኑ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እጅና ጥንካሬ ይብዛ፣ ዝላዩ በቀን ከ10 አይለፍ። በሦስተኛውና በአራተኛው ዝላዩን 5 ጊዜ በ3 ዙር ታድርገው፣ በዙሮቹ መካከል አንድ ደቂቃ እየተነፈሰች። በአምስተኛው ሁለት ዝላይ አከታትላ ትሞክር። ሲሚንቶ ላይ አትዝለል፤ ፓርኪንግ ሎት ላይ በየቀኑ የምትዘል ልጅ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቅልጥሟ ፊት ለፊት ማመም ይጀምረዋል፣ ያን ጊዜ መድኃኒቱ ዕረፍት ብቻ ይሆናል። ሳር ወይም የጂም ወለል ይፈልጉላት። ከትራይአውቱ በፊት ያሉት ሁለት ቀናት ቀለል ይበሉ።

ነጥብ መስጫው ወረቀት ላይ የመገልበጥ መስመሩ ባዶ እንዳይሆን ካርትዊል ማለትም በእጅ ተደግፎ እንደ መንኮራኩር መዞር ትሥራ፦ በሳር ላይ በገመድ ቀጥ ያለ መስመር ዘርግተው እጅ፣ እጅ፣ እግር፣ እግር ሁሉም መስመሩ ላይ እንዲያርፍ። የተለመደው ስሕተት ዳሌ ታጥፎ በጎን መዞር ነው፤ እግሮቿ በራሷ ላይ ቀጥ ብለው ማለፍ አለባቸው። ይህ ከጠራ ሁለት እግር አንድ ላይ የሚያርፍበትን ራውንድ ኦፍ መሞከር ትችላለች። ከዚያ በላይ ካማራት ጂም አስገብተው ይክፈሉላት እንጂ ሳሎን ውስጥ አይሁን። ሰው ላይ መቆም፣ ማንሳትና መወርወር፣ ማለትም ስታንት የሚባለውም ከጓደኞቿ ጋር ግቢ ውስጥ ፈጽሞ አይሞከርም። ከባዱ ጉዳት የሚመጣው ከስታንትና ከግልብጥ ነው። ጭንቅላቷን ተመትታ ኮንከሽን ከተጠረጠረ በዚያው ቀን ወደ ልምምድ አትመለስም፤ ይህ በሜሪላንድ ሕግ ነው፣ አሰልጣኟም የሐኪም ፈቃድ ሳታይ አታስገባትም።

ድምፁ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የሐበሻ ልጆች ብዙ ነጥብ የሚጥሉት እዚህ ነው። ቤት ውስጥ ጨዋ ልጅ ማለት ቀስ ብላ የምትናገር፣ ታላቅ ሲያያት ዐይኗን ሰበር የምታደርግ ናት። ትራይአውት ላይ ግን ዳኛውን ዐይኑን እያየች ካልጮኸች «አልፈለገችውም» ተብሎ ይጻፍባታል። ልጅቷ ሁለቱን ባሕርይ እንደ ሁለት ልብስ ማየት ትችላለች፤ ከእናንተ የሚጠበቀው ቤት ውስጥ ስትጮኽ «ኧረ ጎረቤት!» አለማለት ነው።

የሚፈለገው ድምፅ ዝቅ ያለ፣ ከሆድ የሚወጣ ነው። እልልታ ከጉሮሮ በላይ ቀጥኖ ይወጣል፤ እዚህ የሚሠራው ተቃራኒው ነው። ቀጭን ጩኸት ስታዲየም ውስጥ ይበተናል፣ ጉሮሮም ይዘጋል። ጀርባዋ ላይ ተኝታ ሆዷ ላይ መጽሐፍ ታስቀምጥ፤ ስትተነፍስ መጽሐፉ ከፍ ዝቅ ካለ አየሩ ትክክለኛው ቦታ ገብቷል፣ ደረቷ ብቻ ከተነሣ አልገባም። ከዚያ ፓርክ ይውሰዷት። 30 እርምጃ ርቀው ይቁሙና «ዲፌንስ»፣ «ሌትስ ጎ» ትበል። እርስዎ የሚመልሱት «አልሰማሁም» ሳይሆን «የትኛው ቃል ጠፋ» የሚለውን ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው የመጨረሻው ቃል ነው፤ ትንፋሿ ሲያልቅ ይወድቃል። እያንዳንዱን ቃል ቆረጥ እያደረገች ትበለው፣ አታዚመው። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ድምፅዋ ከሻከረ ቀኑን ትረፍ።

ቪዲዮ ያንሷት፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ስልኩን በተቀመጠ ሰው ዐይን ከፍታ፣ ከ3 እስከ 4 ሜትር ርቀት ላይ አስቀምጠው፣ እግሯም እንዲታይ። መስታወት ጥሩ ነው፣ ግን ያታልላል፦ ራሷን ለማየት አንገቷን ስለምታንቀሳቅስ ያለ መስታወት ስትቆም ትጠፋለች። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት መስታወቱ ይቅር። የዩቲዩብ ዳንስም ቢሆን አስተማሪዋ ፊቷን ወደ እኛ ካዞረች ቀኝና ግራው ሊገለበጥ ይችላል፤ ይህን ሳታስተውል አንድ ወር የለፋች ልጅ ከቡድኑ ተቃራኒ ትዞራለች። ለመሸምደድ ደግሞ በየሳምንቱ አንድ አዲስ አጭር ዳንስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይዛ በማግስቱ ሳታይ ታሳይዎ። አራተኛውን ሳምንት ስታልፍ ፍጥነቷ ራሱ ያስገርማችኋል።

የፍልሰታ ነገር እውነተኛ ጥያቄ ነው። ጾሙ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በፈረንጅ ከኦገስት 7 እስከ 21 ስለሆነ ትራይአውቱ መሃሉ ላይ ይወድቃል። ሥጋና ወተት መተዉ ዝላዩን አይጎዳውም። የሚጎዳት እህል ውኃ ሳይቀምሱ መዋሉ ነው፤ የሜሪላንድ ኦገስት ወበቁ ከባድ ነው፣ ያለ ውኃ ላብ ያፈሰሰችን ልጅ ራሷን ያዞራታል፣ ስትዘልም ትወድቃለች። ለእነዚያ ሁለት ሦስት ቀናት ሰዓቱን በተመለከተ አስቀድማችሁ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ በዋዜማው ቤት ውስጥ ሙግት ከሚነሣ ይሻላል። ምግቡ ከሰዓቱ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ይሁን፦ ምስር ወይም ሽሮ በእንጀራ በመጠኑ፣ አለዚያ ኦቾሎኒ ቅቤ በዳቦና ሙዝ። በሶ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ አንድ ብርጭቆ የተበጠበጠ በሶ ሆድ ሳይከብድ ያቆያል። ከአዲስ ምግብና ከኢነርጂ ድሪንክ ትራቅ።

ለቀኑ ልብሷ ጽሑፍ የሌለበት ልኳ የሆነ ቲሸርት፣ ጥቁር ቁምጣ፣ ደረትን አጥብቆ የሚይዝ ስፖርት ብራ፣ ንጹሕ ቀለል ያለ ስኒከር ይሁን። የሌላ ትምህርት ቤት ምልክት አይኑርበት፤ ሰፊ ቲሸርትም የእጇን መስመር ይደብቃል። ሹሩባ ከሆነ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ ይታሰር፤ ዶቃው ይውለቅ። ጥፍሯ ከመዳፏ በኩል ሲታይ ከጣቷ ጫፍ ማለፍ የለበትም። ጌጥ ይወልቃል፣ ስለዚህ አዲስ የጆሮ ወይም የአፍንጫ ቀዳዳ በዚህ ክረምት አይታሰብ። ማተቧን በተመለከተ፣ ሰው የሚነሣበት ቦታ ላይ አንገት ላይ የታሰረ ክር ጣት ሊይዝ ይችላልና አሰልጣኟን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ለሃይማኖት ምልክት የተለመደው መፍትሔ ከልብስ ሥር ሰውነት ላይ በቴፕ መለጠፍ ነው።

ዳኞች ፊት ስትቀርብ ነጥቡ የሚጀምረው ከበሩ ነው፤ ፈገግ ብላ፣ ቀና ብላ፣ በድምፅ ትግባ። ከረሳች አትቁም፣ ጎረቤቷንም አትይ፤ ፊቷ ሳይቀየር በልቧ እየቆጠረች የሚቀጥለውን 1 ትጠብቅና እዚያ ትግባ። ከጠፋው እንቅስቃሴ ይልቅ ምላስ የምታወጣው ወይም «ይቅርታ» የምትለው ልጅ ትታያለች። አሰልጣኟ «ክርንሽን» ካለቻት መልሱ «እሺ» ብሎ ወዲያው ማስተካከል ነው፤ ምክንያት መስጠት አይደለም። ወረፋ ስትጠብቅም ትታያለች፤ ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ይሁን።

ገንዘቡን አስቀድመው ይጠይቁ። ዩኒፎርሙ የትምህርት ቤቱ ሆኖ ጫማ፣ ሪባንና የክረምት ካምፕ በወላጅ የሚከፈልበት ቦታ ብዙ ነው፤ ድምሩ ጥቂት መቶ ዶላር ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። የሚቸግር ከሆነ የክፍያ ቅናሽ መኖሩን የትምህርት ቤቱን ስፖርት የሚመራውን አትሌቲክ ዳይሬክተር መጠየቅ ነውር የለውም። ልምምዱ ከትምህርት በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ነው፣ የዓርብ ማታ ጨዋታ ደግሞ ያመሻል፤ ማን እንደሚያመጣት አሁኑኑ ተነጋገሩ።

ውጤቱ ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው በስም ሳይሆን ደረት ላይ በነበረው ቁጥር ነው፤ ወረቀቱን ከመጣሏ በፊት ፎቶ አንስታ ታስቀምጠው። ቁጥሯ ከሌለ በሁለተኛው ቀን ራሷ፣ እርስዎ ሳይሆኑ እሷ፣ ለአሰልጣኟ ኢሜይል ጽፋ የትኛው መስመር ላይ ዝቅ እንዳለች ትጠይቅ፤ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ለቅርጫት ኳስ ወቅት ሌላ ትራይአውት ስለሚያደርጉ ቀኑንም እዚያው ላይ ትጠይቅ።